ድምፅ የሚያጠፋው ሻጭ

ሌክ ስትሪት ላይ ቅመም የምንገዛበትን ሱቅ ሻጭ እኛ ሐበሾች «ህንዱ» እንለዋለን። የባንግላዴሽ ሰው ነኝ እያለ ማረሙን ትቶታል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞም እንኳ፣ ካሜራ ፊት እንዳለ ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል። ከበላዩ የቤንጋሊኛ የሳተላይት ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ጣቢያው በአንዲት ክፍል እንደተጀመረና ዛሬ እዚህ አሜሪካ ድረስ እንደሚታይ ነግሮኛል። ዜና ሊጀምር ሲል የጣቢያው ስም በወንድ ድምፅ ይጠራል። ሻጩ ታዲያ ይህን ጊዜ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ያጠፋል።

«ጋሼ፣ ደግሞ አፉን ዘጋህበት? ምን በደለህ?» ትለዋለች ደንበኛው ሀሲባ፣ በእንግሊዝኛዋ መሃል «ጋሼ»ን ጣል አድርጋ።

«የሚለውን አውቀዋለሁ» ይላታል።

ቅዳሜ ዕለት የሩዝ ጆንያ ተሸክሞልኝ ሲመጣ የዜናው ሰዓት ቀደመው። ወፍራም የወንድ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ሰውየው ጆንያውን አስቀምጦ «ሌላ የሚጨመር አለ?» አለኝ።

ከቴሌቪዥኑ የወጣው ያው ድምፅ ነበር። ሰው ላይ ማፍጠጥ ባልወድም ቀና ብዬ አየሁት።

«ጣቢያው ሲያድግ እኔን አሰናበቱ፤ ድምፄን አስቀሩት» አለ፣ ሪሞቱን እየፈለገ።