የሻምበል ግራ እጅና የእኔ ሰዓት ቆጣሪ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የግል ማሠልጠኛ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠርኩ ዕለት፣ ባለቤቱ አቶ ጌትነት መጀመሪያ ያገናኙኝ ከተበላሸ ኮምፒውተር ጋር ሳይሆን ከተናደዱ ሽማግሌ ጋር ነበር። ሻምበል ደሴ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው። ለአብራሪነት ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶችን በሲሙሌተር፣ በኮምፒውተር በሚሠራ የበረራ መለማመጃ፣ ያለማምዳሉ።

«ይቺ ማሽን ሰክራለች» አሉኝ። «አፍንጫሽን ቀና አድርጊ ስላት ጎማ ታወርዳለች።»

ማሽኗ አልሰከረችም። ጆይስቲኩን፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ፣ ተማሪዎቹ በቀኝ፣ ሻምበል በግራ እጅ ይይዙታል፤ ሰው በተቀየረ ቁጥር የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ እንደገና መመደብ አለበት። የምደባው ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ትእዛዝ የታጨቀ ነው። አንድ መስመር ከተሳሳቱ ጎማው በአፍንጫው ቦታ ይገባል። የሻምበል ቀኝ እጅ ከስትሮክ ወዲህ ከኮት ኪሳቸው አይወጣም፤ በተማሪዎቻቸው ፊት በአንድ እጅ እየተደናበሩ ቁልፍ መፈለጉ ያሳፍራቸው ነበር።

አቶ ጌትነት ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ወላጆች ሊጎበኙን ነው። እስከዚያ ካልተስተካከለ ክፍሉን የታይፕ መማሪያ አደርገዋለሁ።»

«ሻምበልስ?»

«እሳቸውማ ቤታቸው ይረፉ።»

ፕሮግራም መጻፍ ተምሬያለሁ፤ የሰው እንጀራ የተንጠለጠለበት ፕሮግራም ግን ጽፌ አላውቅም።

ዝርዝሩን ትቼ የአውሮፕላን ሥዕል አስገባሁ። መጀመሪያ የሥዕሉ ክንፍ ቦግ ብሎ ይበራል፤ የተቀመጠው ሰው በሚመቸው እጅ የሚመቸውን ቁልፍ ወይም ዘንግ ያንቀሳቅሳል፤ ፕሮግራሙ ያንን ለክንፉ መድቦ ወደ ጭራው ያልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም ካልነካው ተገትሮ እንዳይቀር ሰዓት ቆጣሪ ጨመርኩበት፤ ጊዜው ሲያልቅ ያንን ክፍል ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው ይዘላል። በዚህች ብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

ሻምበል ሞከሩት፤ ሠራላቸው።

«ግን ትቸኩላለች፣ ልጄ።»

«ይለምዱታል» አልኳቸው።

የጉብኝቱ ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮግራሙን ከፈትኩ፤ ክንፉ በራ። ሻምበል ሊቀመጡ ሲሉ ከወላጆቹ መካከል አንድ የቅኔ መምህር አዩ። ልጃቸው እዚያ ትማር ነበር፤ እሳቸውም ለዚሁ ብለው ከደብረ ወርቅ መጥተዋል።

«የኔታ፣ ይምጡ፤ እርስዎ ይጀምሩት» አሉ ሻምበል ወንበሩን እየሳቡ።

«ኧረ በስመ ሥላሴ! ባለሙያው ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

«በሞቴ፣ የኔታ!»

«እኔ ልሙት፣ አይሆንም!»

እነሱ ወንበሩን ሲገባበዙ ሰዓት ቆጣሪው ሥራውን ቀጠለ። ክንፉ ባዶውን አለፈ። ጭራው ባዶውን አለፈ። ሞተሩም ተከተለ። «ይቀመጡ እንጂ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ማን ደፍሮ ታላላቆችን ያጣድፋል? በመጨረሻ ሻምበል ተሸንፈው ተቀመጡና ጆይስቲኩን ሳቡት። ስክሪኑ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ደግመው ሳቡት። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ተማሪዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ጌትነት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ጊዜ ይቅርታ» ብዬ ኪቦርዱን ወሰድኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ከፕሮግራሙ ውስጥ አውጥቼ ጣልኩት። እንደገና ከፈትኩ።

ክንፉ በራ። ሻምበል ላባቸውን ጠረጉ። ኮታቸውን አስተካከሉ። የኔታን ዞር ብለው በዓይናቸው ይቅርታ ጠየቁ። ክንፉ እንደበራ ነው። ከዚያ በግራ እጃቸው ጆይስቲኩን ቀስ አድርገው ወደ ጎን አዘነበሉት፤ ፕሮግራሙም ተቀብሎ ወደ ጭራው አለፈ። ጥቂት ቆይቶ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ተነሣ። የኔታ ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ፤ እኔ እንባዬ መጣ።

ክፍሉ የታይፕ መማሪያ አልሆነም። ሻምበልም ጉልበታቸው እስከፈቀደ ድረስ አስተማሩበት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ሰውን የሚያጣድፍ ቆጣሪ ግን በአንዱም ውስጥ አላስገባሁም። መጠበቅ የማሽኑ ሥራ ነው።