ጋሽ ምስግና ያዋሱኝ ካሴት

ልጅ እያለሁ አሰብ ላይ ቀኑ ለሁለት ተከፍሎ ነበር የሚደርሰን። ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት የኛ ነው። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ግን የፀሐይ ነው፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ፣ ሲሚንቶ ወለሉ ላይ ውኃ ረጭቶ ይጋደማል። መንገድ ላይ ከፍየል በቀር የሚንቀሳቀስ አይታይም። አባቴ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ስለነበር ከሥራ ሲመለስ ልብሱ ድፍድፍ ዘይት ይሸታል፤ ከባሕሩ በኩል ደግሞ የጨውና የዓሣ ሽታ ይመጣል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዛሬም ነዳጅ ማደያ አጠገብ ስቆም፣ የቱንም ያህል ቢደክመኝ፣ ለአፍታ ያ ቤት ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።

በፀሐይ ሰዓት ተከፍቶ የሚውል አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የጋሽ ምስግና ጌም ቤት። ጋሽ ምስግና ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሱ የነበሩ፣ ወገባቸውን ተጎድተው ሥራ ያቆሙ ሰው ናቸው። በመንገድ በኩል ባለችው ክፍላቸው ሁለት ቴሌቪዥንና በካሴት የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ኮምፒውተሮች አስገብተው በስሙኒ ያጫውቱን ነበር። ደርግ ከወደቀ ሦስት ዓመት ገደማ አልፎት ነበርና አገሩ ሌላ አገር ሆኗል ይባላል። ለኛ ለልጆቹ ግን ወደቡም ያው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ተሳቢዎችም ያው፣ ብሩም ያው ነበር። ልዩነቱን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ትልልቆቹ ናቸው።

ያላየ ሰው ካለ፣ የዚያን ጊዜው ጌም እንደ ዘፈን ካሴት ላይ ነበር የሚቀዳው። ካሴቱ ሲዞር ማሽኑ አምስት ስድስት ደቂቃ ይንጫጫል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ባለ ቀለም መስመሮች ይርገፈገፋሉ፤ ከዚያ ጨዋታው ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። ሾፌሮቹ እንደሚሉት ሌላው ቦታ ሁሉ ያለው የጌሙ ስም በእጅ የተጻፈበት ቅጂ ነው። የጋሽ ምስግና ግን ኦሪጅናል ነበር፤ እያንዳንዱ ከነሥዕሉ፣ ከነማሸጊያው መደርደሪያ ላይ ተሰልፏል። መርከብ ሲገባ መርከበኞቹን ለምነው ያስመጡታል፤ ለአንዱ ጌም ወራት ይጠብቃሉ። በባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አሥር ደቂቃ የማይፈጀውን ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚለፉበት የገባው ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ይስቅባቸዋል፤ አንዳንዱም ቋጣሪ ስለሆኑ ነው ይላል፣ ምን እንደሚቋጥሩ ባይታወቅም።

እኔ ከሁሉ የምወደው የጀልባዋን ነበር። አንዲት ትንሽ ጀልባ ዕቃ ጭና ከደሴት ደሴት ትዞራለች፤ ማዕበል ይነሳል፣ ነዳጅ ያልቃል፣ ጭነቱ ይረጥባል። ከሰባተኛዋ ደሴት አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን እናቴ ወደ ገበያ ስታልፍ ከወንዶቹ ጋር ተሰልፌ ተራ ስጠብቅ አየችኝና ጌም ቤት መሄድ ቀረ። ለቅሶዬ ሲበዛ አባቴ ከአንድ መርከበኛ ያንኑ ዓይነት ኮምፒውተር ገዛልኝ። ማሽኑ መጣ፤ ጌም ግን አብሮት አልመጣም። ባዶውን ማሽን ለሳምንታት በጨርቅ ስወለውል ከረምኩ።

ይህን የሰሙት ጋሽ ምስግና አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ አስቆሙኝ። የጀልባዋን ካሴት ከነማሸጊያው ይዘው ነበር።

«እስከ ቅዳሜ ተጫወቺበት» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ፤ እንዳትቀጂው።»

«አልቀዳም» አልኩ።

ያልኩትም ከልቤ ነበር። ዓርብ ማታ ግን አሥረኛዋ ደሴት ላይ ደረስኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዛህራ መጣች፤ ጎረቤታችንና የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ አባቷ ከበይሉል ዓሣ እያመጣ ይሸጣል። ካሴቱን የመመለሻው ሰዓት እየደረሰ መሆኑን ስነግራት ግራ ተጋባች።

«ታዲያ ቅጂዋ። ካሴታቸውን ትመልሺላቸዋለሽ። ምን ይጎድልባቸዋል?»

 እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም የዛህራን ጥያቄ በቅጡ የመለሰልኝ ሰው የለም። ባዶ ካሴት ስላልነበረን ከአባቴ መሳቢያ ያረጀ የመሰለኝን አንዱን አነሳሁና የቴፑን ድምፅ ማንም እንዳይሰማ ዝቅ አድርጌ ቀዳሁበት። ኦሪጅናሉን በቀጠሮው ሰዓት መለስኩ። ጋሽ ምስግና ራሴን ዳበስ አድርገው «ጎበዝ» አሉኝ።

በማግስቱ ቅጂው እምቢ አለ። ማሽኑ ይንጫጫል፣ መስመሮቹ ይመጣሉ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይጠቁራል። አባቴ ሳለቅስ አገኘኝ፤ የጀልባዋን ቀድቼ እምቢ አለኝ አልኩት፤ ቃል መግባቴን ግን አልነገርኩትም። የተበላሸ ነገር ማየት የማይሆንለት ሰው ነበርና ካሴቱን ኪሱ ከቶ፣ እጄን ይዞ ወደ ጌም ቤት መራኝ። ወደኋላ ብጎተትም ፀሐዩን የፈራሁ መሰለው።

«ምስግና፣ ይህችን ልጅ እስቲ ገላግላት» አለ ከበሩ ጀምሮ። «የጀልባዋን ቀድታ እምቢ አላት።»

ጋሽ ምስግና አዩኝ። ረጅም አልነበረም አስተያየታቸው፤ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ካሴቱን ተቀብለው ዘፈን በሚሰሙበት ቴፕ ውስጥ ከተቱት። ጫጫታው ቀጭን ሆኖ ተሰማ። «ድምፁ አንሷል» አሉና ማጥፋቱን ረስተው ቆሙ። ጫጫታው አለቀ። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ክራር ተሰማ፤ ቀጥሎም የአንድ ወጣት ወንድ ድምፅ።

ድምፁ የእሳቸው ነበር። ጋሽ ምስግና ድሮ በወደቡ ሠራተኞች ክበብ ይዘፍኑ እንደነበር፣ አንድ ጊዜም አዲስ አበባ ሄደው ካሴት እንዳወጡ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከአባቴ መሳቢያ ያነሳሁት እሱን ኖሯል። የቀዳሁት ጌም የበላው የመጀመሪያውን ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው ከመሃሉ ጀመረ። የሚጫወቱት ልጆች እንኳ ዞር አሉ።

«ይሄን ዘፈን ስወደው» አለ አባቴ።

«የት ገዛኸው?»

«አልገዛሁትም፤ ከአንድ ሾፌር ነው ያስቀዳሁት፣ ሚሌ ላይ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ» አሉ ጋሽ ምስግና። «ከአዲስ አበባ አሰብ ድረስ ያልዘፈንኩበት መኪና የለም። ያሳተመው ሰውዬ አልተሸጠም ብሎ ሁለተኛውን ተወው። እኔም ተውኩት።»

አነጋገራቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ የተናገሩትና የሰለቻቸው ነገር ነበር። አባቴ ግን ደንገጥ አለና፣ ሰው ሲያፍር እንደሚያደርገው፣ መልሶ ነካቸው።

«አንተስ በሰው ጌም ሳንቲም ትሰበስብ የለም እንዴ?»

«እሰበስባለሁ። ገዝቼዋለሁ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ልክ ይሁን አይሁን እንጃ፤ የምጠይቀው ሰው የለም።»

እኔም አንድ ነገር ማለት ያለብኝ መሰለኝ። «ጌሙን የሠሩት እኮ ሩቅ ናቸው» አልኩ።

«እኔም ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ ነበርኩ» አሉኝ።

ከዚያ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የጀልባዋን ካሴት ከመደርደሪያው አውርደው እንደገና ሰጡኝ። «ድምፁን ከፍ አድርገሽ ቅጂው። ያኔ ይሠራል።» ቃል ገብተሽልኝ ነበር አላሉም። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ቤት ስንደርስ አባቴ የዘፈኑን ካሴት አልሰጠኝም፣ መሳቢያው ውስጥ መልሶ ቆለፈበትና ባዶ ካሴት ገዝቶ አመጣልኝ።

ተይው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተውኩትም። ቀዳሁት። በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። ደስታው ጠፋብኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት የመጨረሻዋ ደሴት ላይ ደረስኩ፣ እዚያም ጨፈርኩ። ማሽኑ ያላቸው ልጆች ለመኑኝ፤ ቀዳሁላቸው። እነሱም ለሌሎች ቀዱ። አንዱ በሌላ ሰው በኩል የጦር አውሮፕላኑን ጌም ከጋሽ ምስግና ተውሶ ቀዳ፣ ሌላው የእግር ኳሱን። የዓመቱ ሙቀት ገባ ሲል ጌም ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ብቻቸውን ይበሩ ነበር።

በኛ ምክንያት ብቻ ተዘጋ ማለት አልችልም። ማጣሪያው ሥራው ቀንሶ ነበር፤ ከየቤቱ ዕቃ እየተጫነ ሰው ወደየአገሩ መሄድ ጀምሯል። ጋሽ ምስግና ቴሌቪዥኖቹን ሸጡ፤ ማሽኖቹንም። ኦሪጅናሎቹን የሚገዛቸው ግን ጠፋ፤ የፈለገ ሁሉ ቅጂው ነበረው። አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸውና እንደምንም ደፍሬ ቀረብኩ።

«ጋሽ ምስግና፣ ይቅርታ» አልኩ።

«ለምኑ?»

«ለካሴቱ።»

 «ይቅርታ ያለኝ የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አሉና ወደ ባሕሩ ዞሩ። 

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ እኛም ወጣን። ዛህራ ቀረች፤ ጋሽ ምስግናም ቀሩ። የት እንደደረሱ አላውቅም።

ዛሬ አዳማ እኖራለሁ፤ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ፤ ስመለስ እግሬ አብጦ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ናትናኤል ጌሙን የሚያስጭነው ከሰፈራችን የሞባይል ሱቅ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። እኛ ለመቅዳት እንኳ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። በቀደም ወደ ሱቁ ጎራ ብዬ የኦሪጅናሉን ዋጋ ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ኦሪጅናል ማን ይገዛል?» አለኝ ባለሱቁ ልጅ በትሕትና። «ልግዛ ብትይም የሚቀበልሽ የለም፤ የውጭ ካርድ ያስፈልጋል።»

እውነቱን ነው። ከኔ ደመወዝ ጋር ሲተያይ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ቤት ገብቼ ለናትናኤል ነገርኩት።

«ስለዚህ ጥፋት ነው?» አለኝ።

«ይመስለኛል።»

«ልተወው ታዲያ?»

ደክሞኝ ነበር። እኔም ቀድቼ ያደግኩ ነኝ። የሠሩት ሰዎች ስም ጌሙ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። ፈልጎ አገኘው፤ ከፍቶት አያውቅም ነበር። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለው መውጣት ጀመሩ፤ ሥዕሉን የሣሉት፣ ሙዚቃውን የሠሩት፣ ስሕተት የፈለጉት። የማናውቃቸው አገሮች ስሞች ናቸው፤ አንዳንዱን ማንበብም ያቅታል። ናትናኤል ሊዘለው እጁን ሲሰድ ያዝኩት። «ተው፣ ይለፉ» አልኩት። አጠገቡ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና እስኪያልቅ ድረስ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለን አነበብናቸው።