ወንድሜ ሰላምታ ያደረሰ ቀን

ወንድሜ የሕዝብ ተወካይ ሆኖ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ በወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። «የተከበሩት እህት» ነው የምባለው። ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ እንኳ ሻጯ «የተከበሩት ደህና ናቸው?» ሳትለኝ አትመዝንልኝም። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

እኔ ከጂዳ የተመለስኩት እሱ ከመመረጡ በፊት ነው። እንደኔው ከአረብ አገር ከተመለሱ ሴቶች ጋር ተደራጅተን የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። ወረዳው ከከተማው ጫፍ ሼድ ሰጠን፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የስፌት መኪናዎችም መጡልን። የቀረን ትራንስፎርመር ብቻ ነው። መብራቱ ከበታቻችን ያለው ሰፈር ድረስ መጥቶ ቆሟል። አዲሶቹን መኪናዎች ከነላስቲካቸው አስቀምጠን በእግር በሚረገጡት አሮጌዎች ላይ እንደክማለን። በነሱ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ በሚፈልጉት ጊዜ ማድረስ ስለማይቻል ትልልቁ ትእዛዝ ሁሉ ደሴ ይሄዳል።

ከመሐላችን እጇ ሥራ የሚያውቅ አንዲት ልጅ ነበረች። እሷ የሰፋችው ኮሌታ የፋብሪካ ነው የሚመስለው። ኩዌት ያሳለፈችውን አታወራም፤ አንገቷ ሥር ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ግን ሁላችንም አይተነዋል። ሥራው እስከ ክረምት ካልተስተካከለ ተመልሼ እሄዳለሁ ብላ ነበር። «ወንድሜ ምክር ቤት ላይ ያነሳዋል፣ ትንሽ ጠብቂ» ብዬ የያዝኳት እኔ ነኝ።

ምክር ቤቱ ለግማሽ ዓመት እረፍት ሲዘጋ ወንድሜ መራጮቹን ሊያነጋግር መጣ። የወረዳው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሼሁ ዱአ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፣ ከዚያ እኛ ስለ ትራንስፎርመሩ ተናገርን። ወንድሜም የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሪፖርት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ሚኒስትሩን ራሱ እንደሚጠይቅ ቃል ገባ። ተጨበጨበለት። ሊወጣ ሲል ግን ሽማግሌዎቹ በር ላይ ያዙት።

«ልጄ፣ ትልቅ ሰው ፊት ቆመህ ዘው ብለህ ጉዳይ እንዳታነሳ» አሉት ሼሁ። «የቦረና ሕዝብ አማን ናችሁ ወይ ብሏችኋል በል አስቀድመህ።»

«መንገዱን ስለጀመሩልንም አመስግንልን» አሉ ቄሱ።

ሌላው ስለ ጤና ጣቢያው፣ ሌላው ስለ ማዳበሪያው አመስግንልን አሉ። ወንድሜ ለያንዳንዳቸው ጎንበስ እያለ «እሺ አባቴ» ይላል። እኛ ዘንድ የተላከ ሰላምታ አደራ ነው፤ ሳያደርሱ መቅረት ነውር ነው። ምክር ቤት ላይ ለአንድ ተወካይ የሚሰጠው የመናገሪያ ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ እኛ አናውቅም፤ እሱ ያውቃል፣ ግን አልተነፈሰም። እኔም ከጎኑ ቆሜ ኩራት በኩራት ሆኜ ነበር።

ሪፖርቱ በሚቀርብበት ጠዋት ገበያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጡ። ባለቤቱ ሻይ በነፃ ጋበዘኝ። ልጅቷ አጠገቤ ክንዴን ይዛ ተቀምጣለች። ሁላችንም መብራቱ እንዳይሄድ እንለምናለን፤ ኋላ ላይ ምነው በሄደ ኖሮ ልል።

ወንድሜ ብቅ ሲል እልልታው ቤቱን አናጋው። ክራቫቱ አምሮበታል።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ በቅድሚያ ስለተሰጠኝ እድል ከልብ አመሰግናለሁ። በመቀጠል የመረጠኝ የቦረና ሕዝብ ለዚህ ምክር ቤትና ለክቡር ሚኒስትሩ የላከውን የከበረ ሰላምታ አቀርባለሁ።»

ሼሁ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመንገዱን ምስጋና አደረሰ። የጤና ጣቢያውን አደረሰ። ማዳበሪያውንም አመሰገነ፣ ያን ዘግይቶ ያቃጠለንን ማዳበሪያ! አፈ ጉባኤው «እባክዎ ወደ ጥያቄዎ ይግቡ» አሉት። «እገባለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የአገር ሽማግሌዎቻችን አደራ ያሉኝ» ብሎ ቀጠለ። «ግባ እንጂ! ግባ!» እላለሁ ጥርሴን ነክሼ፣ ቴሌቪዥን የሚሰማ ይመስል። በመጨረሻ «አሁን ከአረብ አገር ወደተመለሱት እህቶቻችን ጉዳይ ስመጣ» ሲል ማይኩ ተዘጋበት። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ጊዜዎን ጨርሰዋል ተባለና ሌላ ሰው ተጠራ።

ሚኒስትሩ መልስ ሲሰጡ እኛን አልረሱንም። «ከደቡብ ወሎ የመጡት የተከበሩ አባል እንደመሰከሩት ኅብረተሰቡ በተደረገለት ድጋፍ ረክቷል። ለላከልን ምስጋና እኛም እናመሰግናለን» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ሰላምታቸው ደርሷል፣ አጸፋውም ተመልሷል። ሼሁ ወደኔ ዞረው «የጨዋ ልጅ! አደራ አዋቂ!» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፈርኩ፤ በወንድሜም በጭብጨባውም አፈርኩ። ከሁሉ የባሰው ግን ልጅቷ እጄን ጨበጥ አድርጋ «አብሽሪ» ማለቷ ነው። አጽናኟ እሷ፣ ተጽናኟ እኔ!

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ደወለ። «አያችሁኝ?» አለ፣ በደስታ።

«አየንህ። ጥያቄው የታለ?»

«አባቶች የላኩትን ልዋጠው? ምን ብዬ ነው ኋላ ዓይናቸውን የማየው?»

«የሷንስ ዓይን? ረክተዋል ተባለልን እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። በታላቄ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። በሚቀጥለው አነሳዋለሁ አለ። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ክረምቱ ገባ፣ ዩኒፎርሙም ደሴ ተሰፋ። አንድ ቀን ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሼዱ ድረስ መጣች። ወደ አረብ አገር የምትመለስበትን ወረቀት ጨርሳለች። እናትየው በቅል የያዙትን ቅቤ እግሬ ሥር አስቀምጠው ነጠላቸውን አደገደጉ፤ የልጃቸው እኩያ ለምሆነው ለኔ።

«እንዲያው ልጄ» አሉኝ፣ «ወንድምሽ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነው የሚውሉት። ያን ለታ እንዴት አምሮባቸው እንደተናገሩ ሰማን። መሄዷስ አልቀረም፤ የማይደበድቧት ሰዎች ቤት እንዲገጥማት ለአንዱ ይንገሩልን።»

እሺ እማማ፣ እነግረዋለሁ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ቀና ብዬ ልጅቷን ለማየት ሞከርኩ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ አፍራልኝ።