ሁለተኛ ምርጫ፣ ደምሴ

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጥ ስቶክሆልም ዳር አልቢ ሰፈር ወዳለው ቤተ መጻሕፍት አብሬው ሄድኩ። የኮሙኑን፣ የአካባቢ አስተዳደሩን፣ የምርጫ ወረቀት አየት አድርጎ በስዊድንኛ፣ «አንድ ስም ላይ ብቻ ነው ምልክት የማደርገው? ሁለተኛ የምወደውስ?» አለኝ። ጥያቄው ወደ ወጣትነቴ ወሰደኝ።

ያኔ እዚያው ስቶክሆልም ሪንከቢ ሰፈር ነበር የምኖረው። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ከአገር ቤት ይዞት በመጣው ፖለቲካ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ብዙ ሰው ያለው ወገን ኮሚቴውን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ የተሸነፈው አዳራሹን ጥሎ ይወጣል። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከተሸናፊዎቹ ነበር። ከአሸናፊው ወገን ሰው ስላገባሁ ሰርጌ ላይ እንኳ አልተገኘም። ባቡር ውስጥ ሲያየኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ይህን ሶልና ሆስፒታል አብራኝ ለምትሠራው ነርስ፣ ለአየርላንዳዊቷ የደብሊን ልጅ ለሞሪን፣ ምሳ ላይ አጫወትኳት።

«የኛ ከተማ ምክር ቤት ከአያቴ ዘመን ጀምሮ የሚመረጠው በተራ ቁጥር ነው» አለችኝ። «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለሽ ትጽፊያለሽ። አንደኛሽ ከወደቀ ድምፅሽ አይጣልም፤ ወደ ሁለተኛሽ ያልፋል። አንደኛሽ ከበቂ በላይ ካገኘም ትርፉ ይተላለፋል። ብዙኃኑ ጥቂቱን እንዳይውጥ ነው፤ ትንሹም ወገን በልኩ ወንበር ያገኛል።»

ሐሳቡን ለማኅበሩ ሽማግሌ ለአቶ መኩሪያ ነገርኳቸው።

«ድምፅም እንደኛ ይሰደዳል በይኛ!» ብለው ሳቁ። «እንሞክረው።»

የምርጫው ዕለት በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ስለነበር አዳራሹ በጫማችን ርሷል፤ ከጠረጴዛው የቀረፋ ዳቦ ይሸታል። ደምሴም ከዕጩዎቹ አንዱ ነው። አቶ መኩሪያ ወረቀቶቹን ያነባሉ። ከኛ፣ ከባሌ ወገን፣ ጥቂት ድምፅ ያገኘው ዕጩ ከውድድሩ ወጣ፤ እሱን የመረጡት ሰዎች ወረቀቶች እንደገና ይታዩ ጀመር።

«ሁለተኛ ምርጫ፣ ደምሴ።»

ሌላ ወረቀት አነሡ። «ደምሴ።» አሁንም፣ «ደምሴ።»

ለካ በመንገድ ሰላም የማይሉት ሰዎች በልባቸው ያከብሩት ኖሯል! ደምሴ ተመረጠ፤ ኮሚቴውም የሁለቱም ወገን ሆነ።

ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ከናንተ ወገን ስሜን የጻፈው ማነው?»

«አንዷ እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሌሎቹን አላውቃቸውም።»

«ባልሽ የታለ? ሰላም ልበለው» አለኝ።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላም ብዙ ተጨቃጭቋል፤ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነው። ልጄ መርጦ እስኪወጣ ድረስ ይህን ሳስብ ቆየሁ። አሸናፊ ሲጨፍር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዛሬም ድረስ የሚደንቀኝ ግን ያን ቀን ተሸናፊዎቹም ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸው የት እንደሚደርስ በጉጉት መጠበቃቸው ነው።