የማዶዎቹ ላሞችና የእኛ ክርክር

የልጅ ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚባል ትምህርት ታጠናለች። ሰሞኑን ለፈተና ስትዘጋጅ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደች ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔም ጋዜጣ የማነብ መስዬ እሰማታለሁ። አንዱ ወገን፣ መንግሥታት ከበላያቸው ዳኛ ስለሌላቸው የሚተማመኑት በጉልበታቸው ብቻ ነው ይላል አለች። ሌላው ደግሞ ንግድና ውል ካስተሳሰራቸው መዋጋት አይጥማቸውም ይላል። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል አባባ?»

«ላሞቹ ትዝ አሉኝ» አልኳት።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሕንዳዊው የታሪክ መምህራችን ከጥምቀት ዕረፍት በኋላ በአዳራሽ የምንከራከርበትን ርዕስ ሰጠን። አገሮችን በሰላም የሚያኖራቸው ጉልበት ነው ወይስ ስምምነት? ለእኔ ጉልበት ደረሰኝ፤ ለጓደኛዬ ለሰይድ ስምምነት። ሰይድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ስለሆነ ዕጣው በልኩ የተሰፋለት ይመስል ነበር። እኔም ያኔ ደረቴን ነፍቼ የምሄድ ጎረምሳ ነበርኩና የጉልበት ጠበቃ መሆኔን ወደድኩት።

ለዕረፍቱ ሰይድን ይዤ ወገራ፣ አገር ቤት ገባሁ። የእህቴ የየሺ ሰርግ ደርሶ ነበር። ከጆንያ በላይ ተቀምጠን በጭነት ማኪና እስከ ዳባት መጣን፤ የወገራ የጥር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ከዚያ በእግራችን፣ ግራና ቀኝ የተከመረውን ገብስ እያየን፣ ቆሎ እየቃምን፣ መንገዱን ሙሉ ስንከራከር ሄድን።

ቤት ስንደርስ ግን ዳስ አልተጣለም። ጠላ አልተጠነሰሰም። የሺ የታጨችው ማዶ ለምንላቸው፣ ከወንዙ ባሻገር ላሉት ሰዎች ልጅ ለዓለሙ ነው። በዚያ ዘመን ልጅቱን ወደድሽው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ወዳው ነበር። በሁለቱ መንደሮች መካከል በጥር እንኳ ሣሩ የማይደርቅ መስክ አለ። በዚያ ዓመት «የእኛ ነው»፣ «የእኛ ነው» ተባብለው ተኳርፈዋል። ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ደርሶ ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። መንግሥት ነበረን እንጂ ቅርብ አልነበረም። ዐቢይ ጾም ደግሞ በዚያ ዓመት ቶሎ ይገባ ነበር፤ ጾም ከገባ ሰርግ የለም። የዓለሙ አባት እስከ ከርሞ አልጠብቅም፣ ለልጄ ሌላ እፈልጋለሁ ብለዋል ተባለ።

እኔ ምን ቸገረኝ፣ መድኃኒቱን ከጎንደር ይዤ መጥቻለሁ! «አባዬ፣ ጎበዛዝቱን መስኩ ዳር አቁማቸው። ማዶዎቹ ጉልበታችንን ሲያዩ ራሳቸው እንታረቅ ይላሉ» አልኩት። አባቴም የልጁ መማር በከንቱ እንዳልቀረ ተናግሮ እንዳልኩት አደረገ። በማግስቱ ማዶዎቹ በዝተው መጡ። እኛ ጨመርን። እነሱም ጨመሩ። ውሎ አድሮ በሁለቱም መንደር አውድማ ላይ ወንድ ጠፋ፤ ገብሱን ወፍ ይለቅመዋል፣ ጎበዛዝቱ ዱላቸውን አጋድመው ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ሣሩንም የቀመሰ ከብት የለም።

«አየህ ሰይድ፣ ዱላ ያነሳ የለም። የኃይል ሚዛን ማለት ይኸ ነው!» ስል የሺ ለጎበዛዝቱ ምሳ አድርሳ ስትመለስ ሰማችኝ።

«ሚዛኑስ ሸጋ ሆነላችሁ። ሰርጌስ?» አለችኝ።

ተራው የሰይድ ሆነ። አባቴንና የማዶዎቹን ሽማግሌዎች እየተመላለሰ ለምኖ ወይራ ሥር አስቀመጣቸው። አንድ ቀን እኛ፣ አንድ ቀን እነሱ ሊያግጡ ተስማሙ። ሰይድ በተራው ደረቱን ነፋ። በነጋታው፣ በማዶዎቹ ቀን፣ የእኛዋ ቀይ ላም መስኩ መካከል ቆማ ስትግጥ ተገኘች። ማንም አልነዳትም፤ ሣሩ ጠራት፣ ሄደች። «እሷ ሽማግሌ ፊት መች ቀረበች!» አለ ሰይድ ተናዶ። ዱላዎቹ ተመልሰው መጡ፤ አንድ ድንጋይም በዓለሙ ጆሮ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ። ያን ጊዜ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

አመሻሹ ላይ የሺ ሁለታችንንም ከጓሮ ጠራችን። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምነው እናንተ ተማሮች፣ ላም በርቢ ሲሰጥ አላያችሁም?»

በአገራችን ሰው ላሙን ለሌላው በርቢ ይሰጣል፤ ተቀባዩ እያበላ ያሳድራታል፣ ወተቷን ይጠጣል፣ የወለደችውን ይካፈላሉ።

«የእኛ ላሞች ማዶ ይደሩ፣ የእነሱም እኛ ዘንድ። ያን ጊዜ ማን የማንን ላም ከመስኩ ያባርራል?»

ለሙሽራ ሽማግሌ ፊት መናገር ነውር ስለነበር ነገሩን ተሸክመን የሄድነው እኛ ነን። መጀመሪያ ሳቁብን። ኋላ የዓለሙ አባት ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው «አያ ታከለ፣ ያችን ቀይ ላም ለእኔ ከሰጠኸኝ እሺ» አሉት አባቴን። አባቴ ቀይዋን ይወዳት ነበር። የሺን አየ፣ ከዚያ ሰጣቸው። መስኩ ላይ መነታረኩ ባይቀርም ሁሉም ወደ አውድማው ተመለሰ። ሰርጉም ጾሙ ሊገባ ሲል ተሠረገ፤ ለሰይድና ለሙስሊም እንግዶቻችን በራሳቸው ሰው የታረደ በግ ለብቻው ተሠርቶ ቀረበላቸው፣ እስክስታው ላይ ግን ማንም ሰይድን አልቻለውም።

ዘግይተን ጎንደር ስንመለስ መምህሩ ከተቆጣን በኋላ ክርክሩ ተካሄደ። እኔ ቀይ ላም መያዣ ናት፣ መያዣ ደግሞ ጉልበት ነው አልኩ። ሰይድ ወተቷን ተካፍለዋል፣ ይኸ ጥቅምና ስምምነት ነው አለ። ሁለታችንም አንዲቷን ላም ምስክር ስንጠራ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዕንባውን ጠረገና ሐሳቡ የማን እንደነበር ጠየቀን። የእህቴ ነው አልኩ።

«እሷስ የት ነው የምትማረው?» አለኝ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም አልኩት።

ሜሮን ይህን ሰምታ ካላነጋገርኳት ብላ ዳባት ደወለች። የሺ አርጅታለች፤ ዓለሙም ካረፈ ቆይቷል። ልጅቱ የፈተናውን ጥያቄ፣ ንድፈ ሐሳቦቹን ሁሉ፣ አንድ በአንድ አነበበችላት። እህቴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠች። እኔ ዛሬም ሬዲዮ ስከፍት፣ መንግሥታት ተፋጠጡ፣ ጦር ጨመሩ ሲባል፣ ማን ያሸንፍ ይሆን እያልኩ የምገምት ሰው ነኝ።

«ሸጋ ነው ልጄ» አለች የሺ። «ሰርጓ የቆየባት ሙሽራስ ማን ናት?»