የእትዬ ቀማሽ አስታማሚ

ከገበያው በር አራተኛዋ መደብ የእትዬ ቀማሽ ናት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ዝንጅብል ስትሸጥ ቆርሳ ታኝካለች፤ እንስላል ስትሰፍር ቆንጥራ ምላሷ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት የሚጠይቃት ቢመጣም ያው ነው። «እኔ ያልቀመስኩትን ሆድሽ አይቀምሰውም» ትላለች። ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠራት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ስትቀምስ ኖረች።

ሰው ለሐኪም ለመንገር የሚያፍርበትን ለእሷ ይነግራታል። የጡረተኛውን መምህር የሆድ መነፋት፣ የልብስ ሰፊዋን ድርቀት፣ የአዲሷን ሙሽራ ቃር ሁሉንም ታውቃለች። ለአንዱ ናና፣ ለሌላዋ በውኃ የሚዘፈዘፍ ተልባ ትጠቀልልና «ደግሞ ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ማን ያባርርሻል?» ብላ ትሸኛለች። ሲመሽ መደቧን ሸራ አልብሳ ወደ ክፍሏ ትገባለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። እዚያ ሆዷን የሚጠይቃት የለም።

ሕመሙ ከጎድኗ ሥር እንደ ፍም ተዳፍኖ ነበር የጀመራት። ዝንጅብሉን አፍልታ ጠጣች፤ ባሰባት። ከሰፈሯ ርቃ፣ ማንም ከማያውቃት መድኃኒት ቤት የነጭ ሽንኩርትና የእርድ እንክብል ገዛች። እዚያው ሰፈሯ ብትታይማ «ባለመድኃኒቷ መድኃኒት ፍለጋ ወጣች» ተብላ የገበያ መሳቂያ መሆኗ ነው! ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ሆዷ ግን እሷን ይፈጃት ጀመር። አንድ ቀን ጎንበስ ባለችበት መቃናት ሲያቅታት ክሊኒክ ሄደች።

«በቀጭን ካሜራ ጨጓራዎን ማየት አለብን» አላት ሐኪሙ። «የሚሰጥዎ መድኃኒት ስለሚያስተኛዎ ብቻዎን አንሸኝዎትም። ቤት የሚያደርስዎ ሰው አለዎት?»

«ሞልቶ!» አለች።

ደጅ እንደወጣች ሞልቶ ያለችውን ሰው መፈለግ ጀመረች። የአክስቷ ልጅ ስልክ አይሠራም። መምህሩ ለራሱም መደገፊያ የሚሻ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሰማችውን ከመርፌዋ ፈጥና ታዳርሳለች። ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቷ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ «አንተ ትሆን? አንቺ ትሆኚ?» እያለች በልቧ ስትመዝን ዋለች። ማታ ቅጠል እየለቀመች፣ ድምፅዋ ለራሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ፣ እንዲህ አንጎራጎረች፦

የሰው ሆድ መድኃኒት በእጄ ሞልቶ ሳለ፣
እንዴት አደርሽ የሚል ለኔስ ማን ሰው አለ።

በአራተኛው ቀን፣ ቀጠሮዋ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ባለ ገመዱን ጠራችው። ጆንያዎቿን የሚያወርድላት፣ ገመዱን በትከሻው የማይለየው፣ ጢሙ የሸበተ ተሸካሚ ነው።

«ነገ አንድ ሸክም አለኝ» አለችው።

«ምንድን ነው? ከባድ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳችውና «ወንድሟ ነኝ በል። የቀንህን እከፍልሃለሁ። ሌላ እንዳትናገር» አለችው።

በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ቅጽ ይዛ ጠየቀች። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ቅጠላ ቅጠል፣ እንክብል?»

«ምንም» አለች እትዬ ቀማሽ።

ባለ ገመዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ ትዋሻለች» አለ። «ጠዋት እህል ሳይነካት ዝንጅብል ታኝካለች። ገዥ በመጣ ቁጥር ሚጥሚጣውንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ትቀምሳለች። ከሸራው ሥር የደበቀችው የእንክብል ብልቃጥ አለ፤ ሁለት ሁለት ነው የምትውጠው። ምሳ ከተወች ሁለት ወሯ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራ ጎኗን ይዛ ጆንያው ላይ ትደገፋለች፤ ሰው ሲመጣ ትቃናለች።»

ነርሷ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ዝርዝሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ከጨጓራዋ ትንሽ ቆርጦ ለምርመራ መውሰድ እንደሚያስፈልግ፣ እነዚያ እንክብሎች ደግሞ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ነገራት። «እናቴ፣ ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም ያለዎ ማነው? ሁሉንም ያቁሙና በሳምንቱ ይምጡ። መቅመስም የለም።»

ውጭ ሲወጡ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «ማን ተናገር አለህ?»

«ወንድሜ ነህ አላልሽኝም? ወንድም ምን ይሠራል ታዲያ፣ ግድግዳ ይደግፋል?»

 ያ ሁሉ ቀን ማንም አያየኝም ብላ ስትጎብጥና ስትቃና፣ ለካ አንድ ሰው ከነሰዓቱ ያውቀው ኖሯል።

«በሳምንቱስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ጭነት ካልመጣ» አለ፣ ገመዱን እያስተካከለ።

ያ ሳምንት ረዘመ። ደንበኞቿ «ዛሬ አትቀምሺም እንዴ?» ሲሏት ጥርሷን ታመካኛለች። አንዳንዱ ያነሣውን መልሶ አስቀምጦ ይሄዳል። እሷ ግን የገዥውን ትታ በመንገዱ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ነበር የምትቆጥረው። መኪና በቆመ ቁጥር ልቧ አብሮ ይቆማል።

በቀጠሮው ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር ባለ ገመዱ ላቡን እየጠረገ መጣ። «ግማሹን አውርጄ ነው፤ ሌላው ይጠብቀኝ» አለ።

ስትነቃ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነበር። ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ የጨጓራ ቁስል መገኘቱን፣ ሐኪሙ በሚያዝላት መድኃኒት እንደሚድን፣ ለምርመራው ውጤት ግን እንደምትጠራ ነገረቻት። «አስታማሚዎ ሲነቁ መሄድ ይችላሉ» አለችና ወጣች።

እትዬ ቀማሽ አንገቷን አዞረች። ባለ ገመዱ ወንበር ላይ ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ አንቀላፍቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ልትጠራው አሰበችና ተወችው። ከነቃ ተነሥተው መሄድ ነው፤ እሱ ወደ ጭነቱ፣ እሷ ወደ ክፍሏ። አልጋው እንዳይንቋቋ ትንፋሽዋን ሰብስባ፣ ሳትንቀሳቀስ ተኛች።