የእሜቴ ቀጠሮ

ተማሪዎቹ «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ከአፉ ያልጠፋ ቃል እሱ ነዋ። «ፍሬን! ኧረ ፍሬን ያዢ፣ ያ ሰውዬ እናት አለው!» በማስተማሪያ መኪናው ውስጥ በእሱም በኩል አንድ ፍሬን ተገጥሟል፤ እግሩ ከዚያ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ቤት ገብቶ ዜና ሲሰማ እንኳ ምንጣፉን እንደሚጫን ታላቅ እህቱ አይታ ስቃበታለች።

እህቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ሁለቱም ሳያገቡ ቀርተው በወላጆቻቸው ቤት አብረው ይኖራሉ። ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው ድመቷ ነበረች። የእሱ ፀጉር ገና ጥቁር ሳለ፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ከሰዓት፣ በተከፈተ በር ሰተት ብላ ገባች። ግራ ቀኙን ገርመም አድርጋ ከሁሉ የሚሻለውን ወንበር መርጣ ተኛችበት።

«እሜቴ መጡ!» አለች እህቱ። ስሟ በዚያው ጸና። ለቀልድ በአንቱታ ያናግሯት ጀመር፤ ቀልዱም ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ። «እሜቴ፣ እባክዎ ይነሱልኝ፣ ወገቤን አሞኛል» ሲላት የሰማ እንግዳ ማን አሮጊት ተኝታ ይሆን ብሎ ይዞር ነበር።

በዚህ ዓመት እሜቴ ከሳች። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ መዝለል ተወች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ። ገላዋን መላስም ተወችና ያ የሚያብለጨልጭ ፀጉሯ እንደ አሮጌ ብሩሽ ተንጨባረረ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። ሐኪም ቤት ሲወስዷት የእንስሳት ሐኪሟ ሆዷን ዳበሰች፣ ደሟን መረመረች።

«ኩላሊቷ ደክሟል» አለች። «መድኃኒቱ ትንሽ ያቆያት ይሆናል እንጂ አያድናትም። ስቃይ ሲበዛባት በመርፌ እንድታርፍ ማድረግ እንችላለን። ቀኑን የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ።»

«መቼ እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አላት።

«ታውቁታላችሁ።»

ይቺ «ታውቁታላችሁ» ሰላም ነሳችው። ጠዋት ጫማውን ሳያስር ሄዶ ሆዷን ያያል፤ ከፍ፣ ዝቅ ይል እንደሆነ። ከፍ ሲል እፎይ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «ይሄ እፎይታ ለእሷ ነው ለእኔ?» ይላል በልቡ። ሥራ ቦታም አልለቀቀውም። አንድ ቀን ጭር ባለ መንገድ ላይ ድንገት ፍሬኑን ረገጠው። ተማሪዋ መሪው ላይ ልትደፋ ምንም አልቀራት።

«ጋሼ! ምን አዩ?»

«ምንም። ማርሽ አስገቢና ቀጥዪ» አላት። ያየው ነገር አልነበረም። እሜቴ ቁርሷን እንዳልነካች ትዝ ብሎት ነው።

ከእህቱ ጋር ስለ ነገሩ አይነጋገሩም። «ዛሬ ሾርባዋን ጥርግ አድርጋ ጠጣች» ትለዋለች፤ ሾርባውን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ተደፍቶ ያገኘዋል። እሱም «ስወጣ ቀና ብላ አየችኝ እኮ» ይላል፤ እሜቴ ግን ዓይኗንም አልገለጠች። እየተዋሹ፣ እየተማመኑም ሰነበቱ።

በመጨረሻ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መኪናውን ጥላ ስር አቁሞ ለሐኪሟ ደወለ። «ለነገ ያዢልኝ» አለ። ለእትዬ በምን አፉ ይንገራት? ተማሪ ይዞ ሲዞር ዋለ፤ አንዱንም መታጠፊያ በቅጡ አላየውም።

ቤት ሲደርስ እሜቴ መስኮቱ ላይ ናት። ፀሐይ ጀርባዋ ላይ አርፎባታል።

«አየህ?» አለች እህቱ ፊቷ በርቶ። «ዓሣም ሰጥቻት በላች!»

መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተና፣ ድምፁ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ለሐኪሟ ደወለ። «ይቅር፤ ተሽሏታል» አላት።

«እህትዎ እንዳልነግርዎ ለምነውኝ ነበር» አለች ሐኪሟ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሳቸውም ጠዋት ለነገ ቀጠሮ ይዘው ነበር። አሁን ደውለው ሰረዙት።»

ቧንቧውን ዘግቶ ወጣ። «እትዬ፣ ደውለሽ ነበር እንዴ?»

ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ስንቱን ሕፃን ተቀብያለሁ። እናቲቱን ዳሰስ ካደረግኩ ሰዓቱ መድረሱን አውቅ ነበር። አሁን ግን እጄ ምንም አልነግርሽ አለኝ።»

«መስኮቱ ላይ ግን ወጥታለች።»

«እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለች አንገቷን ደፍታ። «ዓሣውንም ላስ አደረገችው እንጂ አልበላችም።»

«እትዬ! እኔ እኮ ይሄን አምኜ ነው የሰረዝኩት!»

ያኔ እሜቴ ከመስኮቱ ልትወርድ እግሯን ሰደደች። እግሯ አልታዘዛትም፤ ሶፋው ላይ ተንከባላ ወደቀች። አንድ ቀጭን ድምፅ አሰማች፤ እነሱ ሰምተውት የማያውቁት። ሽንቷም አመለጣት። ያቺ ኩሩ ድመት አንገቷን አዙራ ራሷን ልታጸዳ ሞከረች፤ አልደረሰላትም።

«አሁን ነው?» አላት።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለና ስልኩን አነሳ። ሐኪሟ ሐኪም ቤቱን ልትዘጋ ስትል ነው ያገኛት። «ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ» አለችው።

እህቱ ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ ከኋላ ተቀመጠች። እሱ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ መብራቱ ሁሉ ቀይ ቢሆንለት በወደደ። መኪናው ላይ «ለማጅ» የሚል ታፔላ ስላለ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሹፌር ሁሉ ትዕግሥት አድርጎለት አንድም ክላክስ አልተሰማ።

ሐኪሟ መርፌውን ስታዘጋጅ «አንዴ ቆዪ» አላት። ቆየች። ምን እንደሚጠብቅ ራሱም አላወቀም። እህቱ እጁን ሳብ አድርጋ እሜቴ ጭንቅላት ላይ አሳረፈችው።

«እሜቴ፣ ይረፉ» አለች። መርፌው ከፈሩት ይልቅ ቀላል ነበር፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ዝም።

ጭንቀቱ ግን አብሯት አልሄደም። «አንድ ሳምንት ይቀራት ነበር ይሆን?» እያለ ይብሰለሰላል። ደግሞ ገልብጦ፣ «ያን ሁሉ ቀን ለምን አሠቃየናት?» አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቶ ይህንኑ ለእህቱ አወራት።

«እኔም አላውቅም» አለች ድንች እየላጠች። «እኔ የታመምኩ ቀን ግን በግልጽ እንነጋገር።»

ደነገጠ። «ምን አመመሽ?»

«ኧረ ምንም አላመመኝም! ይልቅ ያንን ድስት አቀብለኝ።»

ድስቱን አቀበላት። ፊቷን ግን አየት፣ ደግሞ አየት አደረገው።